ሰባት ሰዓት ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም እንኳ። ባለፈው እሑድ እዚህ ቤይሩት ከቅዳሴ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት የአልማዝ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ከአልማዝ ጋር ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ፣ አንድ ጠበቃ ቢሮ አብረን ሠርተናል። «ሰናይትን ሜክሲኮ አደባባይ አገኘኋት እኮ! ያ የኮምፒውተር ጉድ ትዝ ይልሻል? ዛሬም ‹ምነው ያኔ ባላጠፋሁት› ትላለች፣ ሞኝ!» ብላ ትስቃለች። እኔ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሰናይት አይደለችም። እኔ ነኝ።

የአዲስ አበባው ባቡር ገና ሥራ ሳይጀምር ነው። ጠበቃው ጋሽ ሙሉጌታ፣ የደንበኞቻቸው ክስና መልስ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ላይ መሆኑ አስፈርቷቸው፣ ፋይሎቹን በየቀኑ በኢንተርኔት ገልብጦ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ገዙ። «ጠንቃቃዋ አንቺ ነሽ» ብለው ማስተካከሉን ለእኔ ሰጡኝ። በስንት ሰዓት ይገልብጥ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሁላችን ምሳ የምንወጣበትን ሰባት ሰዓት ሞላሁ። የማሽኑ ሰባት ሰዓት ግን የእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ቢሮው ዝግ ነው። ማታ ቢሮውን የምትዘጋውን ሰናይትንም «ማታ አጥፍተሽው ውጪ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያቃጥለዋል» ያልኳት እኔው ነኝ። ስለዚህ አንድም ቀን አልገለበጠም። እኔስ አንድ ቀን ከፍቼ አየሁ? አላየሁም።

ከዚያ አንድ ቀን በሥራ ሰዓት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። በኢንተርኔት ተቀምጧል ያልነው ባዶ ነው፤ አገልግሎቱ «በሰዓቱ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ነበር» ይላል። የስንት ሰው ክርክር ጠፋ። ጋሽ ሙሉጌታ በሰው ፊት ሰናይት ላይ ጮኹባት።

«እንደ ቤትሽ አምፖል ነው እንዴ በየማታው ቀጭ አድርገሽው የምትሄጂው?»

«ጋሼ፣ አጥፊ ተብዬ እኮ ነው!» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

«ብለሻታል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ።»

እኔ እንጃ! እኔ ግን ከመጮኻቸው ቀደም ብዬ አገልግሎቱን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቼ ያን ሰባት ሰዓት አይቼዋለሁ፤ ገብቶኛል። በሳምንቱ ሰናይት ተባረረች። ያን ቀን ጾመኛ ነበርኩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀመስኩም። ምን ዓይነት ጾም ነው?

የቱን ልናዘዝ? ሰዓት መሳሳት ኃጢአት ነው? አጥፊ ማለቴስ? ለጥንቃቄ ብዬ ነው እኮ። አንዳንዴ ባታጠፋው ኖሮ ጠዋት ይገለብጥ ነበር እላለሁ። አጥፊ ያላት ማን ሆነና? ዞሬ ዞሬ እዚያው ነኝ። እዚህ አገር ሰዓቱ ሰባት ሲል ገና ጠዋት ነው፤ በየቀኑ ያኔ ትመጣብኛለች።

ያን ቀን እዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ይቅር በያት ብላችሁ አታማልዱኝ። በሰው ፊት ነው የተዋረደችው፤ ጋሽ ሙሉጌታ ባሉበት፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ይህን አንብቡላት። «እኔ እንጃ» ያለችው ታውቅ ነበር በሏት።