ቢላ የማይወጣበት ማዕድ

ሚስቴ «ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ወፍጮ ቤት ነው» ትለኛለች። መከራከር አልችልም፤ ተኝቼ የምሠራው ሥራ ነው። እንቅልፍ ሲወስደኝ ጥርሴን አፋጫለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ይነቃል፤ እኔ ብቻ አልነቃም። ጧት ስነሳ መንጋጋዬ ይቆለፋል፣ ጆሮ ግንዴን ይወጋኛል፤ ቁርሴን ለመጉረስ አፌን በጣቴ የፈለቀቅሁበት ቀን አለ።

የጀመረኝ ተከታዬ የሆነው ወንድሜ በተገደለ ሰሞን ነው። ወንዛዬ ከሚባለው ቦታ አቅራቢያ ባለው የአባታችን እርሻ ላይ፣ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣልተው፣ ጎረቤታችን የወንድሜን ጭንቅላት በመጥረቢያ ፈለጠው። እኔ ከባሕር ዳር ደርሼ ሬሳውን አጠብሁ። ፀጉሩን ሳጥብ ጣቴ መግባት ወደሌለበት ቦታ ገባ። ያን ጊዜ መጮህ ነበረብኝ። አጎቴ ትከሻዬን ይዞ «ጥርስህን ንከስ፤ እናትህ እያየችህ ነው» አለኝ። ነከስሁ፤ ከዚያ ወዲህም አልለቀቅሁም።

ገዳዩ ተፈርዶበት፣ እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ ደግሞ ባሰብኝ። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ነው። ከቢሮ ስወጣ ቀጥታ መግባት ትቼ የጣናን ዳር ይዤ እዞር ነበር። ያየኝ ሰው ነፋስ የምቀበል ይመስለዋል። እኔ ግን በሐሳቤ ያን ሰው ማጅራቱን ይዤ ደንገሉ ውስጥ እደፍቀዋለሁ፤ እግሩ ሲንፈራገጥ እጠብቃለሁ፤ ጸጥ ሲል አውጥቼ እንደገና እደፍቀዋለሁ። ከዚያ የማውቀው ሰው ሲመጣ ፈገግ ብዬ ስለ ልጆቹ ደኅንነት እጠይቃለሁ። ቤት ስገባ ጉንጬ አብጦ ይገኛል።

ጥርስ የሚያፋጭ ሰው ሆዱ ውስጥ ትል አለበት የሚለውን የእኛ አገር ሰው በሙሉ ያምናል። እናቴም ስለሰማች ኮሶ አስወቅጣ ላከችልኝ። የተማርሁ ሰው ነኝ ብዬ አልኮራሁም፤ ጠጣሁት። አንጀቴ ተገለበጠ። ቀኑን ሙሉ ከሽንት ቤት ወለሉ ላይ፣ ከወለሉ ሽንት ቤት ስንከባለል ዋልሁ፤ ሚስቴ አንዴ እየሳቀች አንዴ እያለቀሰች ደገፈችኝ። ትል የሚባል አልታየም። በማግስቱ እንዴት አደርሁ ብዬ ስጠይቃት «ባዶ ወፍጮ ድምፁ ይብሳል» አለችኝ።

ቀዝቃዛ ውኃ እንደ መርፌ ሲወጋኝ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ወጣት ሴት ናት። መስታወት ሰጥታ አፌን አሳየችኝ። የመንጋጋ ጥርሶቼ ጫፋቸው ተፍቆ እንደ መደብ ጠፍጣፋ ሆነዋል፤ ጠንካራው ሽፋን አልቆ ውስጡ ቢጫ ይታያል፤ በግራ በኩል ያለው አንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ትል የሚባል ነገር እንደሌለብኝ፣ ጭንቀትና ንዴት ያለበት ሰው ሲተኛ መንጋጋው እንደሚሠራ፣ ጠንካራ ነገር በግራ በኩል ካኘክሁ ጥርሱ ለሁለት እንደሚከፈል አስረዳችኝ። ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች «የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምንም የለም» አልሁ። የቢሮ ሥራ ስለሚበዛብኝ ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ስተኛ የማደርገው ፕላስቲክ በጥርሴ ልክ አሠራችልኝ። ብዙም ሳይቆይ ነክሼ በሳሁት።

በዚህ መሀል ሽማግሌዎች መጡ። የገዳዩ ወገን እርቅ ይለምናል። አገር ቤት የቀረው የመጨረሻው ታናሻችን ጠመንጃውን አንግቶ ነው የሚያርስ፤ እነሱም እንዲሁ። እርቁ ካልሆነ ወይ እሱ ይገድላል፣ ወይ እሱን ይገድሉታል፤ ይህን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። እናቴ እጄን ይዛ «አንዱን ቀብሬአለሁ። ሁለተኛውን እንዳታስቀብረኝ» አለችኝ። የታላቅ ፈቃድ ከሌለ እርቅ የለምና እሺ አልሁ። እሺ ያለው አፌ ብቻ ነበር።

ዕለቱ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ፤ ቄሱ ድንጋዩን አስወርደው በመስቀል አሳለሙን። ጠመንጃዎቹ ራቅ ብለው ግንድ ላይ ተደግፈዋል። በግ ታርዶ ከበሰለ በኋላ ቢላዎቹን ሽማግሌዎች ሰብስበው ወሰዱ፤ ደም በሚደርቅበት ማዕድ ላይ ስለት አይቀመጥም። ስጋውን ከአጥንቱ የሚለየው ጥርስ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ገዳይ በእጁ ያጎርሳል፤ የሟች ታላቅ ካልጎረሰ እርቁ አልሆነም።

አጠገቤ ተንበረከከና ከነአጥንቱ ጎድን አቀረበልኝ። መጥረቢያውን የያዘው እጅ ይህ ነው። ስጋውን ሳይሆን ጣቶቹን መቁረጥ ፈለግሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ አፌን የከፈትሁት ለጣቶቹ ነው። ሸሸት ሲያደርጋቸው ባለኝ ኃይል ሁሉ በግራ መንጋጋዬ አጥንቱን ነከስሁ።

አንድ ነገር ተሰነጠቀ። አጥንቱ አልነበረም። ሕመሙ እስከ ዓይኔ ወጣ፤ አፌ በደም ሞላ፤ የጥርሴ ግማሽ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ያዩኛል። ታናሹ ወንድሜ ፊቴ መለወጡን አይቶ በግማሽ ተነሥቷል፤ ዓይኑ ጠመንጃዎቹ ላይ ነው። እዚያ ደም ብተፋ እርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ሟቹ እምቢ አለ ይሉና ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን የሚሰማ የለም።

ዋጥሁት። ስጋውን፣ ደሙን፣ ጥርሱን አንድ ላይ ዋጥሁት። ከዚያ ወንድሜን «ቁጭ በልና ብላ» አልሁት። ተቀመጠ። እናቴ ከሴቶቹ መሀል እልል አለች።

በማግስቱ ጉንጬ እንደ ቅል አብጦ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስሁ። አደንዝዛ የቀረውን ግማሽ ነቀለችው፤ አገላብጣ አየችና ሌላው ግማሽ የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ። ዋጥሁት አልኋት። ለምን እንደዋጥሁት አልጠየቀችኝም፤ ጥጥ አስነክሳኝ አጠገቤ ቆመች።

ጥጡን አወጣሁት። ከንፈሬ ደንዝዞ ቃሉ እየተንሻፈፈ፣ ለእናቴም ለሚስቴም ያላልሁትን አልሁ፦

«ያን ጊዜ የሚያስጨንቅዎ አለ ወይ ብለሽኝ ነበር። አለ። ወንድሜን ገደሉብኝ።»

ከዚያ ጮህሁ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እስኪደነግጡ ድረስ ጮህሁ። ሐኪሟ በሩን ዘጋችና ጭንቅላቴን ያዘችልኝ።

ገዳዩን ይቅር ብየዋለሁ ብል ውሸት ነው። ታናሹ ወንድሜ ግን ዛሬ ያለ ጠመንጃ ያርሳል። ሚስቴም ወፍጮው አንዳንድ ቀን ይቆማል ትላለች።