ኬቨንን ሰባት ቤት ለማስቆጠር ወደ ፎርት ዎርዝ

ተጓዦቹ እነዚህ ነን፦ እኔ፣ የልጅት አባት፤ ልጄ ሕይወት፤ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል ባለ መጋዘን አብሯት የሚሠራው እጮኛዋ ኬቨን፤ ፎርት ዎርዝ የተቀበሉን የኬቨን አያት ሚስተር ዶላን። ኬቨን ሽማግሌ ሲልክ፣ "ሰባት ቤት ይቁጠርና ይውሰዳት" ብዬ ነበር። ከራሱ ጀምሮ አራት ቆጥሮ ከአየርላንድ በመጣው ቅድመ አያቱ ማይክል ላይ ቆመ።

"አባዬ፣ ሶ ከአይሪሽ ጋር በምን እንዛመዳለን?" አለች ሕይወት።

"ስለ መዛመድ አይደለም። ዘሩን የማያውቅ ሰው ልጁን ማን ነህ ብሎ ያሳድገዋል?"

"ኦኬ፣ የአየርላንድን የድሮ ሕዝብ ቆጠራ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀውታል። ቅዳሜ ሄደን ሰርች እናደርጋለን።"

ቅዳሜ ጠዋት

ከምንኖርበት ሰፈር ከቪከሪ ሜዶ በከተማው ባቡር ተሳፍረን ዳላስ መሀል ላይ ወደ ፎርት ዎርዝ የሚሄደውን ቀየርን። የቀን ትኬት ለአንድ ሰው አምስት ዶላር ነው። በመስኮቱ መጋዘን፣ የአሮጌ መኪና ክምር፣ የደረቀ ሣር ያልፋል። ኬቨን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እጁን ያፍተለትላል። አሳዘነኝ፤ ፊቴን ግን አልፈታሁም። አባት ቃሉን ካጠፈ ቤቱ ይላላል።

ፎርት ዎርዝ

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሚስተር ዶላን ጣቢያው ጋ በፒክአፕ መኪናቸው ጠበቁን። ቤተ መጻሕፍት ገብተን አንድ ኮምፒውተር ፊት አራት ወንበር ደረደርን። ሚስተር ዶላን አባታቸው ማይክል ከአየርላንዱ ሜዮ አውራጃ በወጣትነቱ እንደመጣና ኖራ የምትባል እኅት እንደነበረችው ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ አልነገራቸውም። ሕይወት አውራጃውንና ስሙን ጻፈች። በእጅ የተሞላ ቅጽ ብቅ አለ፦ ቶማስ ዶላን፣ አባወራ፤ ብሪጅት ዶላን፣ ሚስት፤ ማይክል፣ ኖራና ሌሎች ሦስት ዶላኖች፣ ልጆች።

ብድግ አልኩ። "ተነሺ፣ እንሂድ!"

"ምን ሆንክ አባዬ?"

"አታዪም? ባልየውም የዶላን ልጅ፣ ሚስትየዋም የዶላን ልጅ! ወንድምና እኅት ተጋብተዋል!"

ሕይወት በሳቅ ፈረሰች። "አባዬ፣ እነሱ ጋ እኮ ሁለተኛው ስም የአባት አይደለም፣ የቤተሰቡ ነው። ሴቷ ስታገባ የባሏን ትይዛለች። እኔም ነገ ሕይወት ዶላን ነኝ።"

"መጀመሪያ ልስጥሽ!"

ነገሩ ሲተረጎምላቸው ሚስተር ዶላን ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ከዚያ ወደ ቅጹ ጎንበስ አሉ። ብሪጅት በተጻፈችበት መስመር ላይ፣ የወለደቻቸው ዘጠኝ፣ በሕይወት ያሉት አምስት ይላል። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አባቴ አራት ወንድምና እኅት እንደሞቱበት አንድ ቀን አልነገረኝም" አሉ።

"የእኔም እናት ስምንት ወልዳ ያሳደገችው ሦስት ነው" አልኩ። ሕይወት ስትተረጉምላቸው ትከሻዬን ጨበጡኝ።

ከቶማስ በላይ ያሉት መዝገቦች አብዛኞቹ ጠፍተዋል አሉን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች። የደከምንበት ሁሉ የጨመረልን አንድ ቤት ብቻ ነው። ኬቨን በጣቱ ቆጠረና በተሰባበረ አማርኛ፣ "ሁለት ጎደለ" አለኝ።

"ሁለቱን ወደ ታች ትሞላቸዋለህ" አልኩት። "ልጅህንና የልጅ ልጅህን።"

ሕይወት ሳትተረጉምለት አለቀሰች፤ እሱም ገባው።

ወደ ቤት

ዘር መቁጠር መልካም ነው፤ አሁንም እላለሁ። ነገር ግን እኔ ሰባቱንም ወንዶች በቃሌ ስወጣ፣ ከመካከላቸው ማን ስንት ልጅ እንደቀበረ አላውቅም። የሴቲቱን ሐዘን የቆጠረው የእነሱ ወረቀት ነው።

ወጪ፦ የሦስታችን ትኬት አሥራ አምስት፣ ሚስተር ዶላን የጋበዙን ምሳ ሠላሳ፣ ለየቤታችን የወሰድነው የብሪጅት ቅጽ ቅጂ አንድ ዶላር። በጠቅላላው ለአራታችን አርባ ስድስት ዶላር።