አቶ እርገጤና የጋቢናው ወንበር

የወፍጮ ሞተር ጠጋኙ አቶ እርገጤ በዘንድሮው የገብስ አጨዳ ሰሞን፣ ከአንድ ሳምንት ሕመም በኋላ አርፈዋል። የቀበርናቸው እዚሁ ሞላሌ፣ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ወፍጮ ባለበት ሁሉ ወዳጅ ነበራቸውና በየቀበሌው ሳይሰማ የቀረ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለቅሶ ያልደረሳችሁ በዚህ ጽሑፍ ስሙ።

እኔ አማታቸው ነኝ፤ የባለቤታቸው የአስካለ እናት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። የምጽፈው እሳቸውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በእሳቸው ላይ ያልተገባ ፍርድ ፈርጄ፣ ፍርዴንም በየደረስኩበት ስናገር ኖሬአለሁ። ያን የሰማ ሁሉ ይህንም መስማት አለበት።

አስቀድሜ ሥራቸውን ላንሣ። ወፍጮ ሲቆም አገሩ ሁሉ ዱቄት ያጣል፤ ያን ጊዜ የሚጠሩት አቶ እርገጤ ናቸው። ደርሰው መፍቻ አያነሡም። የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ሞተር ሕመሙን አይደብቅም፤ ሰው ነው የሚያስቸግረኝ» ይሉ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ቀየት ከተማ፣ ወፍጮ ቤት አብሬአቸው ነበርኩ። ሞተሩን አስነሥተው እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ አንድ የቀበሌ ሹም ጆንያውን ከሰው ሁሉ ፊት አስቀደመ። ከማለዳ ጀምሮ የቆመች አንዲት ባልቴት ገፋ ተደርጋ ወደ ኋላ ቀረች። አቶ እርገጤ ሞተሩን አጠፉት።

«ምነው፣ ተበላሸ?» አለ ሹሙ።

«አልተበላሸም። ይህ ሞተር ተራ ያውቃል፤ ያለ ተራው ለመጣ ሰው አይፈጭም።»

«ታዲያ የቀበሌ መሆኔን ይንገሩት እንጂ።»

«ነግሬው ነበር። መታወቂያውን ያሳየኝ አለ።»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ሹሙም ሳይወድ ስቆ ጆንያውን መለሰ። እኔ ለፍትሕ ግትር ሴት ነኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄን ለሰው እንደ ዳርኩ አወቅሁ። ይህን ለራሳቸው አልነገርኳቸውም።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ጥግ ተጥላ ሣር የበቀለባትን መኪና ገዝተው፣ ሁለት ዓመት በገዛ እጃቸው ሠርተው አስነሧት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች፣ ከኋላዋ ቁርጥ ያለች ነበረች። የሞላሌ ሰው «ቆራጣዋ» ይላታል። በሯ ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊተኛውን ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ መግባት አለበት። ዳገት ስትወጣ ድምፅዋን ሰምተን «መጡ» እንላለን። አስካለ «እማማ፣ የፊተኛዋ ሚስቱ እሷ ናት፤ እኔ የመጣሁባት ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

በእኛ አገር አማትና አማች አንቱ ይባባላሉ። እኔ ስገባ እሳቸው ይነሣሉ፤ ሳልቀመጥም አይቀመጡም። መኪና ላይም ጋቢናው የእኔ ነበር፤ አስካለ ከኋላ ትገባለች። ይህን የደነገገ ሰው የለም። ሌላ አቀማመጥ ይኖራል ብሎ ያሰበም አልነበረም።

አስካለ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ጤና ጣቢያው «ከአቅማችን በላይ ነው፤ ቶሎ ደብረ ብርሃን አድርሷት» አለ። ልጄን ከኋላ አስተኟት። ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰና እኔ ጋቢና ገባሁ። ብዙነሽ የምትባል ወጣት ነርስ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ ከመኪናዋ አጠገብ ቆማ ነበር። ልትሸኘን የወጣች መስሎኝ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ» አልኳት። አቶ እርገጤ አንዴ እሷን አዩ፤ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ በሩን ዘግተው ነዱ።

መንገዱ ጠጠር ነው። ልጄ ከጀርባዬ ስታቃስት እጄን ወደ ኋላ ብሰድ ከጉልበቷ አያልፍም። አንድ ቦታ ላይ አስቁሜ፣ ወንበሩን አጥፌ ወደ እሷ ልገባ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። «ይቀመጡ፣ እማማ። እኔ አደርሳታለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጣርማ በርን እንዴት እንዳለፍን አላውቅም፤ መሬቱን አላየሁትም። ሐኪሙ እናቲቱንም ሕፃኗንም ካተረፈ በኋላ ወጥቶ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እንግዳ በተሰበሰበበት ቆሜ ተናገርኩ።

«በር በሌለው መኪና ልጄ ልትሞትብኝ ነበር። ወይ ባለ አራት በር ይግዙ፣ ወይ ልጄን ይመልሱልኝ» አልኩ።

አቶ እርገጤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ፣ እማማ» አሉ።

ቆራጣዋን ገዝቶ ሊወስድ የመጣው ሰው ከደብረ ብርሃን ነው። አቶ እርገጤ ማለዳ ተነሥተው፣ ለሌላ ሰው የምትሄደውን መኪና ጎማዋን ሳይቀር አጠቡ። ቁልፉን ከሰጡ በኋላ ከግቢው ደጅ ቆመው ድምፅዋን ያዳምጡ ጀመር። እኛ መስማት ካቆምን ቆይቶም እሳቸው ገና ይሰሙ ነበር። በመጨረሻ «ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያስጨንቃታል» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። እኔም አይቼ፣ ዕቃ ነው፣ ይረሱታል አልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ሌላ ይዘው መጡ፤ ግራጫ፣ ሰፊ፣ አራቱም በሯ እንደ ልብ የሚከፈት። ዞሬ እያንዳንዱን በር ከፍቼ ዘጋሁና «አሁን የአባወራ መኪና ሆነ» አልኳቸው። ደስታዬ ግን ወር አልሞላም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገበያ ላይ አግኝቶኝ «እማማ፣ አማችዎ ተንኮለኛ ናቸው እኮ። ያቺ መኪና የቤተሰብ ልብስ ለበሰች እንጂ ሞተሯ ከቆራጣዋ ይበልጣል። ዳገት ላይ ጥላኝ ስትሄድ አቧራዋን እንኳ አላይም» አለኝ።

ነደድኩ። ፍጥነት አምሯቸው እኔን በበር ቁጥር ያታለሉኝ መሰለኝ። በማኅበር፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ያ ክፉ ዐመላቸው አልለቀቃቸውም፤ አራት በር አበጁለት እንጂ» እያልኩ አወራሁ። ብዙዎቻችሁ ከእኔ አፍ ሰምታችኋል። መኪናዋም ላይ ሁለት ክረምት ሙሉ አልወጣም አልኩ።

ከገበያ በእግሬ ስመለስ ከአጠገቤ ቀስ ይላሉ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ ሽቅብ ነው።»

«መንገዱ የመንግሥት ነው፤ ይለፉ።»

«እርስዎን ቀድሜ እንዴት አልፋለሁ?»

«እንግዲያው ይከተሉኝ።»

እስከ ግቢያችን ደጅ በእግሬ ልክ እየነዱ ተከተሉኝ። የመንደሩ ሴቶች «እማማ ዛሬስ የሚጎትቱት በግ ድምፁ ያምራል» እያሉ ተሳለቁብኝ። ምክንያታቸውን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። ሰው ሳይጠየቅ መፍረድ ነውር ነው ብዬ ስንቱን የገሠጽኩ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። መኪናዋን አቁመው ወረዱና የኋላውን በር ወለል አድርገው ከፍተው፣ እንደ ተከፈተ ትተውት፣ ከእኔ ጋር በዝናብ ይራመዱ ጀመር።

«ወንበሩ በሰበሰ» አልኳቸው።

«በስብሶ ይደርቃል።»

ወንበሩ ምን አጠፋ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። ጋቢናው ባዶ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ጋቢናው ለማን ነው?»

«እማማ፣ አዲስ አበባ ትልልቆቹ የሚቀመጡት ከኋላ በቀኝ በኩል ነው። ጋቢና የጸሐፊ ነው» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ከኋላ በቀኝ በኩል ቀና ብዬ ተቀምጬ ሄድኩ። ጋቢናው ላይ ብዙ ጊዜ ሲስተር ብዙነሽ ትቀመጥ ነበር። በዚያች መኪና እስከ ጓሳ አፋፍ ድረስ እየሄዱ በቃሬዛ የመጡ ወላዶችን ተቀብለዋል፤ ስንቶቹን እንዳደረሱ እኔ አልቆጠርኩም፣ እሳቸውም አላወሩም። እኔ ግን «ፍጥነት የሚወድ ሰው ምክንያት አያጣም» ማለቴን አልተውኩም።

ባረፉ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ፣ ይህንኑ ደገምኩት። ክፋት አስቤ አይደለም፤ እንደ ጨዋታ ነው። ለቀስተኛውም ፈገግ አለ። ሲስተር ብዙነሽ ግን ፈገግ አላለችም። መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ይህን ባይሉ።»

«እውነት አይደለም?»

«አስካለ ያማጠች ቀን ቦርሳዬን ይዤ የቆምኩት አብሬ ልሄድ ነበር። ከኋላ እሷ ተኝታለች፣ ጋቢናው ተይዟል። ቀረሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እርስዎን ይውረዱ የሚል ማን ነበር?»

«እሳቸውስ?»

«አማትን ከመኪና ያስወርዱ? ‘ባትደርስ ኖሮ የገደልኳት እኔ ነበርኩ’ ብለውኛል። አዲሷን ሊገዙ ሲሄዱ ማንም ሳይነሣ ሌላ ሰው የሚገባባት፣ እንደ ቆራጣዋም የምትሮጥ እፈልጋለሁ አሉ። የኋላውን ወንበር ለእርስዎ ያከበሩት ጋቢናው ለእኔ ክፍት እንዲሆን ነው። እማማ እንዳይሰሙ ብለው አደራ ብለውኝ ነበር። ‘ቢሰሙ፣ ቦታውን ይዤ ልጄን ለሞት ዳርጌያት ነበር ብለው ያዝናሉ’ አሉ።»

ይህን ሰምቼ ድንኳኑ ውስጥ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ነጥዬ ለአንድ ሰው የነገርኩት ሐሜት አልነበረምና ለአንድ ሰው ነግሬ አልተወውም። በሚመጣው የዕድር ስብሰባም ቆሜ አነበዋለሁ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ አስካለ ልጆቿን ለትምህርት ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው። አብረሽ ነይ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ የሚነዳት የለም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው በሩን ይመታና «አቶ እርገጤ አሉ? ወፍጯችን ቆሞብን ነበር» ይላል። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። ውኃ ይጠጣል፣ ያዝናል፣ ይሄዳል። ከዚያ ግቢው ዝም ይላል።

አቶ እርገጤ፣ ከእርስዎ ጋር በአንድ ግቢ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩዎትም። የሚወዷትን መኪና በአደባባይ አስጥዬ፣ ጥፋቴን እርስዎ ተሸክመው፣ ክብሬን ሳይነኩ ኖሩልኝ። አሁን የምጠይቀው ብዙ ነበረኝ። አንቱ ብሎ የሚመልስልኝ ግን የለም። እግዚአብሔር ነፍስዎን በጻድቃን ቦታ ያሳርፍልኝ።

ደኅና ይሁኑ። ያን ቀን «እማማ፣ ይውረዱ» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እወርድ ነበር ብዬ ልጽፍልዎ ብዙ ጊዜ ብዕር አነሣሁ። አልቻልኩም። መውረድ አለመውረዴን እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቁኝ ነበር።