አራሚው የገዛው አክሲዮን

አራሚው ቀይ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ስልኩን ሲያነሳ፣ እህቱ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው ጀመረች።

«ሬዲዮ ሰምተሃል?»

አልሰማም ነበር። ከፊቱ የሦስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ ከግድግዳው ወዲያ የማተሚያ መሣሪያው ይጮኻል። እህቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች አክሲዮን ገበያው ገና ከመከፈቱ መውደቁን፣ ዜና አንባቢውም «ድንጋጤ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ መጥራቱን ነገረችው። የምትጠብቀው አንድ ቃል እንደሆነ ገባው።

«አለ፣ እትዬ። ገንዘብሽ አለ።»

«የት?»

እሱን አያውቅም። «ያው እዚያው ነዋ» አለና ምሳ ሰዓት ላይ ሄዶ እንደሚጠይቅ ቃል ገባላት።

አራሚው ሊያረጅ ምንም ያልቀረው ሰው ነው። ግማሽ ዕድሜውን በዚህ ማተሚያ ቤት ሌሎች የጻፉትን ሲያርም ኖሯል። የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ የምርጫ ፖስተር፣ በእጁ ያላለፈ ወረቀት የለም። ሰው ሲያወራም ያርማል ይሉታል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «አፌ ላይ አታስምርብኝ» ትለው ነበር። ከዓመት በፊት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ስሕተት የሚለቅም ፕሮግራም በዓመታዊ ክፍያ አስገባ። የአራሚዎች ክፍል ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። እሱ ብቻ ቀረ፣ ማሽኑ ያረመውን እንዲያርም።

በዚያው ሰሞን የአባታቸው ቤት ተሸጠና እሱና ታላቅ እህቱ እኩል ተካፈሉ። ብዙ አሰበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቢያንስ ያኔ ቀላል ይመስል ነበር። ማሽኑ ከበረታ ሥራውን ያጣል፣ የማሽኑ ባለቤቶች ግን ይከብራሉ፤ ስለዚህ ከባለቤቶቹ አንዱ ይሁን። ማሽኑ ከሰነፈ አክሲዮኑ ይወድቃል፣ ባዶዎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ግን መልሶ ሰው ይቀመጣል። በዚህም ቢመጡ በዚያም ቢመጡ አያገኙኝም አለ።

እህቱ ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ የወጣች፣ በገንዘቧ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ሐሳቡን ሲያስረዳት አስደገመችው። ሲደግመውም አልገባትም። ግን ወንድሟ ሌላው ሰው የማያየውን ስሕተት በማየት ደሞዝ የሚበላ ሰው ነው። ድርሻዋን ሰጠችው።

ኩባንያውን ሲመርጥ ያደረገውን ከእሱ በቀር ማንም አያደርገውም። የሦስት ኩባንያዎችን ዓመታዊ ሪፖርት ወረቀት ላይ አሳትሞ፣ እስክሪብቶውን ይዞ እንደ ማንኛውም ሥራ አነበባቸው። በአንደኛው ሠንጠረዡ ላይ ያለው ድምርና ጽሑፉ ላይ ያለው አይገናኙም። ሁለተኛው አንድ አንቀጽ ደግሟል። ሦስተኛው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነበር፤ እስክሪብቶው አንዴም ወረቀቱን ሳይነካ አለቀ። ለነጥብ እንዲህ የሚጠነቀቅ ለሰው ገንዘብም ይጠነቀቃል ብሎ በሁለቱም ድርሻ የሦስተኛውን አክሲዮን ገዛ። አክሲዮኑ ለወራት ወጣ። እህቱም መጠየቁን ተወች።

አሁን ግን አከራይዋ የምትኖርባቸውን ሁለት ክፍሎች ሊሸጥ ነው። ቅድሚያውን ለእሷ ሰጥቷል፤ በወሩ መጨረሻ ካልከፈለች ለሌላ ይሸጣል። ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም፣ ደረጃ የሌለው ሌላ ቤት ደግሞ በዚያ ዋጋ አይገኝም። አክሲዮኗን ሸጣ ልትገዛው ተዘጋጅታ ነበር።

አራሚው ምሳ ሰዓት ላይ አክሲዮኑን ወደገዛችላቸው ደላላ ሄደ፤ ቢሮዋ ከአንድ ባንክ በላይ ነው። መጠበቂያው ክፍል ሞልቶ፣ ወንበር ያጡት ግድግዳ ተደግፈዋል። ዋጋ የሚያሳየው ስክሪን ቀይ በቀይ ሆኗል። አራሚው ለቀይ ቀለም እንግዳ አይደለም፤ ይሄኛው ቀይ ግን ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ አይናገርም። አጠገቡ የቆመ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር ማንም ሳይጠይቀው ያወራል።

«እኔ መኪና ሲገለበጥ አውቃለሁ። ወይ ጎማ ይፈነዳል፣ ወይ ፍሬን እምቢ ይላል፣ ወይ ሹፌሩ ያንቀላፋል። ይሄኛው ምን ሆኖ ነው የተገለበጠው?»

«ትርፍ ጭኖ ነዋ» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሹፌሩ ራሱ አልሳቀም።

ተራው ሲደርስ ደላላዋ በትሕትና አስረዳችው። እስከ ትናንት ስሙን ማንም ያልሰማው፣ ሌላ አገር ያለ ድርጅት ከገዙት ኩባንያ ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ማሽን አውጥቷል። ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣል። በዚህ የተነሳ የወራቱ ትርፍ ጠፍቶ፣ ከገዙበት ዋጋም ሲሶው ሄዷል።

«ማሽኑ ተበላሸ?» አለ አራሚው።

«ኧረ የለም ጋሼ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ተሻሽሏል።»

«ከተሻሻለ ለምን ወደቀ?»

«የወደቀው የእኛው ነው። የተሻሻለው የእነሱ ነው።»

«እኔ የገዛሁት ማሽኑን መስሎኝ።»

«ኩባንያውን ነው የገዙት።»

ስለ ሪፖርቱ ንጽሕና ነገራት። ደላላዋ ልትስቅ ከጅሏት ፊቱን አይታ ተወችው። ያን ሪፖርት የጻፈውም ያረመውም የኩባንያው የራሱ ማሽን መሆኑን በሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ ነገረችው። ይሽጥ ወይስ ይጠብቅ ብሎ ጠየቃት። አሁን የሚሸጥ ይቆጨዋል የሚሉ አሉ፣ የማይሸጥ ይቆጨዋል የሚሉም አሉ አለችው። ሁለቱም ወገኖች የተማሩ ናቸው።

ሲመለስ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። ገጽ አቀናባሪዋ ጠዋት ያን ነጻ ማሽን ኮምፒውተሯ ላይ ጭናዋለች። የድሮው ዓመታዊ ክፍያ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፤ ነጻው ከሠራ ለምን ይከፈላል? ባለቤቱ ጋሼ ይፈትኑት እንደሆነ ዐይን ዐይኑን ሳያይ ጠየቀ።

አራሚው ከሳይንስ መጽሐፉ አንድ ገጽ ወስዶ ስሕተት ዘራበት። ዕድሜ ልኩን ሲነቅል የኖረውን ሲተክል እጁ እምቢ አለው፤ ቀስ በቀስ ግን ጨከነ። ወንዙን ሽቅብ አስፈሰሰው። የልብን ሥዕል የሳንባ ነው አለ።

ማሽኑ ማንበብ ሲጀምር የትኛውን እንደሚመኝ ማሰብ ነበረበት። ቢስት ወንበሩ ይተርፋል። ቢስት ደግሞ ያ ነጻ ነገር እርባና ቢስ ነው ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ የእሱ ኩባንያ አክሲዮን ይነሳል፣ እህቱም ክፍሎቹን ትገዛለች። አክሲዮን ከገዛ ወዲህ ሁለቱ ምኞቶቹ እንዲህ አንድ ላይ ገጥመው አያውቁም። ሳት፣ አለው በልቡ።

አልሳተም። የተዘራውን ሁሉ ለቀመ። ከዚያ ያልተዘራ አንድ ጨምሮ አወጣ፤ ባለፈው እትም አራሚው ራሱ አይቶ ያሳለፈውን። ገጽ አቀናባሪዋ ስክሪኑን በዝግታ ወደ ራሷ አዞረችው። ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠርጎ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደማይቸኩል ተናገረ። ለምን ጉዳይ እንደማይቸኩል አልተናገረም።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እህቱ ሄደ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ በር ይገናኛሉ፤ በአንዱ ትተኛለች፣ በሌላው ጡረታዋን ለመደጎም የጎረቤት ልብስ ትተኩሳለች። ካውያውን ከሸሚዙ ላይ ሳታነሳ አዳመጠችው። ማሽኑ ስለተሻሻለ አክሲዮኑ መውደቁን፣ አክሲዮኑን የጣለውም ማሽን ሥራውን ሊወስድ መሆኑን ሲያስረዳ መሐል ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ። እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ጠፋበት።

«ቆይ» አለች። «በዚህም ቢመጡ በዚያም አያገኙኝም ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«በየት መጡ ታዲያ?»

«በሁለቱም መሰለኝ፣ እትዬ።»

ካውያውን አቆመችው። ዋጋው ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ይመለሳል የሚሉ እንዳሉ ነገራት። የሚሉት እነማን እንደሆኑ ጠየቀችው። ደላላዋ የጠቀሰቻቸውን የተማሩ ሰዎችና መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የሰማቸውን ቆጠረላት።

«ስማ አንተ፣ እኔ ሰዎቹን አልጠየቅኩህም። አንተ ምን ትላለህ?»

«አላውቅም።»

«ምንም?»

«ምንም። ጠዋት ከማውቀውም ቀንሶብኛል።»

ከዚያ የራሷን ሸጦ የተረፈውን እንዲያመጣላት ነገረችው፤ ለጎደለው አከራዩን ትለምነዋለች። አከራዩ የሚለመን ሰው እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሸሚዙን አጥፋ ሌላ አነሳች።

በማግስቱ ጠዋት አራሚው ደላላዋ ፊት ተቀመጠ። የእህቱ ድርሻ በሙሉ ይሸጥ፣ የጎደለው ሲሶ ከራሱ ድርሻ ተሸጦ ይሞላላት አለ። ደላላዋ ካሰላች በኋላ ለእሱ ምን ያህል እንደሚቀር በጣቷ አሳየችው። ቀና ብሎ በቀረው የነዚያን፣ የነጻ ሰጪዎቹን አክሲዮን መግዛት ይችል እንደሆነ ጠየቃት። ገበያ ላይ የለም አለችው። በነጻ እየሰጡ ከምን ነው የሚያተርፉት አላት።

«እሱን እኛም እየተጠያየቅን ነው» አለች። «ታዲያ የቀረውን የእርስዎን ልሽጠው ወይስ ይቆይ?»

ከኋላው ሰልፈኛው ያጉረመርማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ወጣ፣ ትንሽ ወረደ፣ መልሶ ወጣ።

«ይቆይ» አለ። ማንም ለምን አላለውም።

እህቱ በወሩ መጨረሻ ሁለቱን ክፍሎች ገዛች። አራሚው ወንበሩን ለነጻው ማሽን ትቶ ማተሚያ ቤቱን ከለቀቀ በኋላ አንደኛውን ክፍል ከእሷ ተከራየ።