ሁለተኛዋ መስመር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሽባባው ግን ጠርጥሮም አልዳነም።

ይህ በእስራኤል የአሽዶድ ከተማ፣ የሮቫ ሄ ሰፈር ነዋሪ፣ የማይክሮዌቭ ሞገድ የሚያልፍባቸው ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ፣ በዕብራይስጥ ብዲል የሚሉትን የመበየጃ ቆርቆሮ እያቀለጠ የሚበይድ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ሐረጓም እዚያው በመፈተሻው ክፍል ትሠራለች። የክፍሉ ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ሽባባው ከወንበሩ ቀና ባለ ቁጥር ያያታል። ከጎኗ ደግሞ ኤይታንን ያያል፤ ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች፣ እርሱ ግን የዚሁ አገር ተወላጅ የሆነ፣ ቁመናው ያማረ፣ ሳቁ የማያልቅ ወጣት መሐንዲስ።

ሐረጓ ከሥራ ሰዓት በኋላ መቆየት ከጀመረች ወዲህ ሽባባው እራቱን ሳይነካ በር በሩን ያያል። «ምን ያስቆይሻል?» ሲላት «ሥራ» ትለዋለች። ይህች ቃል ለቀናተኛ ሰው መልስ ሳትሆን እሳት ላይ የተጣለች ጭራሮ ናት። ስልኳ ሲጮህ ጆሮውን ያቆማል፤ ሻርፕ ብትለውጥ ለማን ብላ ነው ይላል። ማን ይፈርድበታል? በሥራ ላይም ከሰሌዳው ሁለት መስመሮች አንደኛዋን በይዶ ሁለተኛዋን ሲጀምር፣ ዓይኑ ሳያዘው ወደ መስታወቱ ይሄዳል።

አንድ ሐሙስ አውቶቡሱን ትቶ ተመለሰና የመፈተሻውን ክፍል በር ሳያንኳኳ ከፈተው። ሁለቱ ባንድ ሰሌዳ ላይ ራስ ለራስ ገጥመው አገኛቸው።

«ሥራው ይህ ኖሯል!»

ኤይታን ደንግጦ ተነሣ። «ራጋ፣ ጋሼ፣ ራጋ! ይቆዩ እንጂ!»

«ጋሼ አትበለኝ! ከሰው ሚስት ጋር ምን አንገት ለአንገት ያደርግሃል?»

ሐረጓ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። «ያንተን ጉድ እየሸፈንን ነው። ናና እይ፤ መጮሁ ይደርሳል።»

ኤይታን ማጉያ መነጽሩን አስጠጋለት። በሰሌዳው ላይ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት መስመሮች አሉ። መልእክቱ በአንደኛዋ ሲወጣ በሌላዋ ይወርዳል፤ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ግን ሁለቱንም እኩል ይመታል። መጨረሻ ላይ አንዷ ከሌላዋ ስትቀነስ ረብሻው ይጠፋል፤ መልእክቱ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ግን መንትዮቹ በእውነት እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው።

«እዚች ላይ ብዲሉ በዝቷል» አለ ኤይታን። «እኩል አይደሉም፤ ረብሻው ያልፋል። የእርስዎ ሰሌዳዎች በሙሉ እንዲህ ናቸው፤ ሁልጊዜ ሁለተኛዋ።»

ሽባባው ቀና ብሎ በመስታወቱ በኩል የራሱን ወንበር አየ። ሁለተኛዋን ሲበይድ ዓይኑ የት እንደሚውል፣ እጁም በምን ምክንያት እንደሚዘገይ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ለአለቃ ሊናገር ሲል ለመንኩት» አለች ሐረጓ። «ከሥራህ እንዳትባረር፣ የበዛውን እያነሣን እናስተካክላለን። ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል፤ ብነግርህ ‹ከማን ሰማሽ?› ነበር የምትለው።»

የሥራ ሳምንቱ በሚጀምርበት እሑድ ጧት ሽባባው ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጠ። የመፈተሻው በር ተከፍቶ የኤይታን ሳቅ ሲወጣ ትከሻው ይኮማተራል፤ መበየጃው ግን ሁለተኛዋ መስመር ላይ አልዘገየም።

ሐረጓ በሰዓቷ ወጥታ አውቶቡሱን አብረው ተሳፈሩ። «የዛሬዎቹ ሰሌዳዎችህ ሁሉም ፍተሻውን አልፈዋል፤ መንትዮቹ እኩል ናቸው» አለችው።

ፊቱ ሊፈታ ጀምሮ ቆመ። «ማን ለካቸው?»

«እኔ ነኛ።»

«ብቻሽን?»

ሐረጓ ሳቋን በሻርፗ ሸፍና ወደ መስኮቱ ዞረች።