ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተሬ

አሁን የኮምፒውተሬን ክዳን ስከፍት በረሮ ተቀበለኝ! ያውም ከነቤተሰቡ። ደጋግሜ ታጥቤም እጄ ይቀፈኛል።

ርካሽ ኮምፒውተር ነው። የአውሮፕላን ማብረሪያው ጌም እንዲሄድልኝ ደመናውንም ጥላውንም ቀንሼለታለሁ። ግን ላርፍ ስል ጌሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

የነቀምቴ ጓደኞቼ "ኦቨርክሎክ አድርገው፣ ከፍጥነቱ በላይ አስሩጠው" ይሉኛል። ማቀዝቀዣ ፋኑ በበረሮ እንቁላል ተደፍኖ ምኑን ላስሩጠው?

"አዳዳ፣ እየበራ በዳንቴል አይሸፍኑት አላልኩም?" አልኳቸው አክስቴን።

"አቧራ እንዳይገባበት ነዋ፣ ኢልማኮ፣ ልጄ!"

ፋኑን ጠረግኩት። የኮምፒውተሩን ፍጥነት ሳልነካ አውሮፕላኑ ቀጥ ሳይል አረፈ!

ውሃ ጠጥቼ ስመለስ፣ እየበራ ሌላ ዳንቴል አልብሰውታል።

"ያኛውን በረሮ ነክቶታል፤ ይሄ ንጹህ ነው" አሉኝ።

እናንተስ ቤት ዳንቴል የለበሰ ምን አለ? ገልጣችሁ እዩና ያገኛችሁትን ጻፉልኝ። ፎቶ ግን በፈጣሪ እንዳትልኩ።