ለሣራ የሚስማማ

አንኮበር ላይ ገብስ የማይበላ ሰው አለ ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። ቁርሳችን በሶ፣ መክሰሳችን ቆሎ፣ ድግሳችን የገብስ ጠላ ነው። አራስ የምትጠየቀው በገብስ ገንፎ ነው። ጤፍ ሲወደድማ እንጀራችንም ግማሹ ገብስ ነው። ወለተ ሥላሴ እንዲህ ባለ አገር ተቀምጣ ነው ገብስ ያልነካው ምግብ ስትፈልግ የኖረችው። እኔ ሰብሪና እባላለሁ። ከአልዩ አምባ መጥቼ እዚህ ያገባሁ ስሆን ከባለቤቴ ከአብዱልሀፊዝ ጋር የእህል ወፍጮ አለን። የወለተ ሥላሴን ታሪክ ሰው እንደፈለገ ሲያወራው እሰማለሁ፤ አንዱ ጨካኝ ምራት ያደርጋታል፣ ሌላው እብድ ያደርጋታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ መስማት ሰልችቶኛል።

የቄስ ወልደኪዳን ሚስት ናት። ስናውቃት ባለሙያ የምትባል ሴት አልነበረችም፤ እንዲያውም ሽሮዋ ውሃ ውሃ ይል ስለነበር ከኋላዋ እንስቅ ነበር። ሁለት ጊዜ አስወርዷት በሦስተኛው ሣራን ወለደች። ልጅቷ ጡት ከተወች በኋላ ሆዷ እየተነፋ፣ እጅና እግሯ እየቀጠነ ሄደ። ያልተወሰደችበት ጠበል የለም፤ ጤና ጣቢያውም የሆድ ትል መድኃኒት እየሰጠ ይመልሳት ነበር። አራት ዓመት ሲሞላት ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ሐኪም መረመራትና ነገሩን ለየው። ስንዴና ገብስ አንጀቷን ያቆስሉታል፣ ወተት አይስማማትም፣ እንቁላል ከበላች ደግሞ ፊቷ ያብጣል። ወለተ ሥላሴ ከመኪና እንደወረደች በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤት መጥታ የሐኪሙን ወረቀት አነበበችልኝ።

"ታዲያ ምን ልትበላ ነው?" አልኳት።

"ድንጋይ!" አለችኝ። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ወተቱና እንቁላሉ ብዙም አላስቸገራት። የቄስ ሚስት ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የጾም ምግብ ስትሠራ ነው የምትኖረው። ችግሩ ጾሙ ሲፈታ ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቅቤና እንቁላል ሲበላ ሣራ በር ላይ ቆማ ታያለች። ያ ነው እናቷን ያበረታት። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ታበስልና ሲበርድ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ አሽታ ቡቲቻ ታደርግላታለች፤ ላየው ሰው እንቁላል ፍርፍር ነው። ለፋሲካ የሣራን ዶሮ ለብቻ በዘይት ትሠራለች። የሽምብራ ሊጥ በእንቁላል ቅርጽ አድበልብላ፣ ጠብሳ፣ ወጡ ውስጥ ትጥልላታለች። "የእኔ እንቁላል ይበልጣል!" እያለች ሣራ በጎረቤት ልጆች ላይ ትኮራባቸው ነበር። ሱፍ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አጥልላ፣ ማር ጠብ አድርጋ በብርጭቆ ስትሰጣት ከወተት የሚለየው የለም። የማሽላ ዳቦ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳበት በኮባ ጠቅልላ ትጋግራለች። አዚፋዋ በስናፍጭ አፍንጫ ያቃጥላል፤ ድንቹን አንድ ቀን በእርድ፣ አንድ ቀን በሚጥሚጣ ታደርገዋለች። ውሃ ውሃ ይል የነበረው ሽሮዋ አሁን መንገድ ድረስ ይሸታል። ባሌ እንኳ "የቄሱን ቤት ዓይነት ሽሮ ሠርተሽ አታውቂም" እያለ ያበግነኝ ጀመር።

ጥንቃቄዋ ደግሞ ለጉድ ነው። የሣራ ምጣድ ለብቻ፣ ድስት ለብቻ፣ ወንፊት ለብቻ። እርሾ አታበድርም፣ ከማንምም አትበደርም፤ በዚህ ጎረቤት ተቀይሟታል። እሷ ግን ግድ አልሰጣትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሣራ አልዳነችም። አንድ ሰሞን ትሻላለች፣ ከዚያ ሆዷ ተመልሶ ይነፋል፣ የበላችው ሁሉ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ በየጊዜው "ገብስ ከየት ነው የምታገኘው?" ይላል። በዚህ ከቀጠለች አታድግም፣ ላትተርፍም ትችላለች ብሏቸዋል። ወለተ ሥላሴ ከእጇ ሌላ ለልጇ ገብስ የሚያቀምስ እጅ መፈለግ ጀመረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፏ ላይ ቆመን ስናወራ ሣራ ከአያቷ ቤት እየሮጠች መጣች። አያቷ፣ የቄሱ እናት እማማ አጸደማርያም፣ ሁለት አጥር ዝቅ ብለው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። የልጅቷ አፍ ዙሪያውን ዱቄት ነው። በእጇ ደግሞ የተቆላ ዱቄት ተለውሶ እንደ ጭኮ የተድበለበለ ነገር ይዛለች። ወለተ ሥላሴ ነጠቀቻትና ሸተተችው፤ የተቆላ እህል ሁሉ ሽታው ይመሳሰላል። ወደ አማቷ ቤት ቁልቁል ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

እማማ አጸደ አጎንብሰው በእጅ ወፍጯቸው እየፈጩ ነበር። የእኛን ወፍጮ ረግጠው አያውቁም። "የሞተር ዱቄት ብረት ብረት ይለኛል" እያሉ ለአንድ ራሳቸው የምትበቃቸውን በድንጋይ ይፈጫሉ።

"እማማ፣ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው?" አለቻቸው።

"ምን ሆነሻል ልጄ?"

"በሶ አበሏት! አፏ ላይ አየሁት እኮ!"

"ሽምብራ ነው። ቆልቼ በኑግ የለወስኩት ነው። በእመቤቴ እልሻለሁ፣ ገብስ ከቤቴ ካወጣሁ ቆይቷል።"

"ለካ ይህን ያህል ዘመን የምለፋው ለከንቱ ነው! እኔ ስሰበስብ እርስዎ ሲበትኑ!" ብላ በእጇ ያለውን ለዶሮዎቹ ወረወረችው።

እኔስ ዝም አልኩ? ዝምታን ከየት ላምጣው! "እማማ፣ ልጅ ሲያለቅስብዎ አንጀትዎ አልችል ብሎ ይሆናል። ቢያምኑ ነው የሚሻለው" አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው። አሮጊቷ ምራታቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺም?" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሣራ አያቷ ቤት እንዳትደርስ ተከለከለች። ቄስ ወልደኪዳን በእናታቸውና በሚስታቸው መካከል ቆመው ምንም አላሉም። ይህ እስካሁን ያናድደኛል፤ የስንቱን ሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ ሰው የራሳቸው ቤት ላይ ሲደርስ መሬት መሬት ያዩ ነበር። እማማ አጸደ አጥር ሥር ቆመው ልጅቷን በሩቁ ሲያዩዋት አንድ ሁለት ወር ቆዩ። ክረምት ሳይገባ አረርቲ ያገባችው ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። የእጅ ወፍጮው ስለከበዳቸው ቤታቸው ውስጥ ትተውት ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ ልጅቷ መዳን ነበረባት፤ ግን ባሰባት። ወለተ ሥላሴ "የቆየ ቁስል ነው፣ ቶሎ አይሽርም" አለች። ሰው ማመን የፈለገውን ለማመን ምክንያት አያጣም።

በጥር ትራንስፎርመር ተቃጠለና ከተማው ከወር ከግማሽ በላይ መብራት አጣ። ወፍጯችን ቆመ። ሌላው ሰው ደብረ ብርሃን እየሄደ ሲያስፈጭ ወለተ ሥላሴ አማቷ ጥለውት የሄዱትን ድንጋይ አስነስታ ለሣራ ጤፉንም ሽምብራውንም በእጇ ትፈጭ ጀመር። እጇ ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ። በአምስተኛው ሳምንት ሣራ ሌላ ልጅ ሆነች። ጉንጭ አወጣች፤ ሰሃኗን ጠርጋ "ጨምሪልኝ" ማለት አመጣች። እኔና እናቷ "ጠበሉ ሠራ"፣ "ዱዓው ሠራ" ተባባልን። ዓይናችን ሥር ያለውን ድንጋይ ማን ይየው!

ዐቢይ ጾም እንደገባ መብራት መጣ። በሁለተኛው ቀን ወለተ ሥላሴ ቀይ ጤፏን ይዛ ሣራን አስከትላ መጣች። እኛ ዘንድ የቄስ ሚስት ወረፋ አትጠብቅም። ከገጠር ገብስ ጭነው የመጡ ሰዎች ገና ስትታይ "እለፊ እትዬ፣ እለፊ" ይላሉ፤ የራሳቸውን መሐል ላይ አስቁመው ያሳልፏታል። የጤፍ ባለቤቶች ግን እርስ በርስ ተጠባብቀው አንድ ላይ ነው የሚያስፈጩት፣ ከሌላ እህል እንዳይቀላቀልባቸው። እሷ ያን ወረፋ ቆማበት አታውቅም፤ ክብራችን አላስቆማትም። እንደወትሮው ጤፏን ከሰው ገብስ ላይ አስከትዬ ገለበጥኩ።

ቀይ ጤፍ ነው ያስገባሁት፤ መጀመሪያ የወረደው ግን ነጭ ዱቄት ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው የሚወርደው። ሦስት ዓመት ሙሉ ባየሁት ቁጥር ከእሷ ዱቄት ጋር ጠርጌ አስገብቼላታለሁ፤ የሰው ሀቅ እንዳይጎድል ብዬ። የዚያን ቀን ግን ሣራ በር ላይ በዚያ አዲስ ጉንጯ እየሳቀች ቆማ ነበር። እሷንም አየሁ፣ ነጩንም ዱቄት አየሁ። ሞተሩን አጠፋሁት።

"ወለተ ሥላሴ፣ ነይ እይ" አልኳት። "ይሄ ገብስ ነው። ከእኛው ወፍጮ ነው የሚገባባት። ሽሮዋንም እኔው ነኝ የምፈጨው።"

ከነጩ ዱቄት በመዳፏ ዘገነች። እንድትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህብኝ በወደድኩ። "እማማ" ብቻ አለች፤ ዱቄቱን ይዛ እንደቆመች።

ስልኬን አውጥቼ "አሁኑኑ ደውዪላቸው" አልኳት። እምቢ አለች። "እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው የምነግራቸው።" ቄሱም እናታቸውን በስልክ ሲያወሯቸው ትንፍሽ እንዳይሉ አስማለቻቸው፤ ሌላ ሰው ነግሮላት እሷ ዘግይታ መድረስ አልፈለገችም። ቄሱ በጾም ቅዳሴውን ትተው መሄድ አይችሉም። ስለዚህ ለዳግም ትንሣኤ ሁለት ሽማግሌ ይዘን አረርቲ እንውረድ ተባለ። እኔም እሄዳለሁ አልኩ፤ የምጠይቀው ይቅርታ ነበረኝ። ወላሂ፣ ሁላችንም መልካም የሠራን መስሎን ነበር።

በሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ከአረርቲ ተደወለ። እማማ አጸደማርያም ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት አልተነሱም።

ሣራንም ይዘን፣ መኪና ቀያይረን በዚያው ቀን ደረስን፤ ቀብሩ ረቡዕ ሆነ። እኔ እስላም ነኝ፣ ሥርዓታቸውን እስከዚህም አላውቅም። በሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ በሆሳዕና ለሁሉም አስቀድሞ ይፈታል አሉኝ። ቄስ ወልደኪዳን በእናታቸው ሣጥን ራስጌ አፋቸውን ዘግተው ቆሙ። ወለተ ሥላሴ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። አፈሩ ሲመለስ "እማማ፣ ሽምብራ ነበር" ስትል የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሣራ ልጅ ናት፣ ራባት። የቄሱ እህት ዓይኗ አብጦ፣ መቀነቷን በጥቁር ነጠላ ላይ አጥብቃ፣ በትንሽ ሰሃን ምግብ ይዛ መጣች፤ የጤፍ እንጀራ፣ ቡቲቻ፣ ጎመን። ልጅቷ እጇን ስትዘረጋ ወለተ ሥላሴ ሰሃኑን ያዘችው።

"ምን አለበት?" አለች።

ከአፏ ያመለጣት ነው፤ የሦስት ዓመት ልማድ ነው። ግን ብላዋለች፤ በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን። የምገባበት ጠፋኝ።

የቄሱ እህት አልተቆጣችም። "ነይ ላሳይሽ" አለቻትና ወደ ጓዳ ይዛት ገባች፤ እኔም ተከተልኩ። ጥግ ላይ አንድ ድስት፣ አንድ ወንፊትና አንድ ማማሰያ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አዲስ የእጅ ወፍጮና በማዳበሪያ የታሰረ ዱቄት አለ።

"ይኼን ሌላ ሰው አይነካውም" አለች የቄሱ እህት። "እማዬ ከመጣች ጀምሮ በየሳምንቱ ትፈጭ ነበር። ሲሰነብት ለእኛ ትሰጥና እንደገና ትፈጫለች። 'ሣራን ይዛት ትመጣለች' ነበር የምትለው። 'እኔ ባልኖር ደግሞ ወለተ ሥላሴ ሳትጠይቅ አታበላትም፤ ስትጠይቅሽ እንዳትቀየሚያት፣ እናት ናት፤ ሁሉን ገልጠሽ አሳያት' ብላኛለች። ይኸው፣ እይው።"

ጨርቁን ልትገልጠው ጎንበስ ስትል ወለተ ሥላሴ እጇን ያዘቻት። "አላይም" አለች። "ተዪው እህቴ፣ አላይም።" ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጫነችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያልጮኸችውን ሁሉ ያኔ ጮኸችው፤ ድንኳን ያሉት ሴቶች ሰምተው ተቀባበሏት።

ወጥቼ ሰሃኑን ለሣራ ሰጠኋት። እስኪበቃት በላች። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ምንም አልሆነችም።